የቲቸር አስቴር የግራ ጎን

ባለፈው ወር የቤተ ክርስቲያናችን የሴቶች ኅብረት አንዲት ነርስ ጋብዞ ነበር። ስለ ጡት ካንሰር ልታስተምረን ነው የመጣችው። ልጅ እግር ናት፣ ጨዋታም ታውቃለች። ከቦርሳዋ ከጎማ የተሠራ ጡት አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ቁጭ ስታደርገው፣ የአዳራሹ ሴት ሁሉ ነጠላውን አፉ ላይ አድርጎ ተንከተከተ። «ውስጡ እብጠት አለ። እየተቀባበላችሁ ፈልጉት» አለች። ጎማው ዞረ። አንዷ እንደ ሊጥ አሸችው፣ ሌላዋ ዓይኗን ጨፍና ነካ አድርጋ ለጎረቤቷ ገፋችው። እኔ ዘንድ ሲደርስ፣ ገና ከመያዜ ሌባ ጣቴ ሄዶ እላዩ ላይ አረፈ።

«ይኸውና» አልኩ።

ነርሷ አጨበጨበች። «እናቴ፣ የጤና ባለሙያ ነበሩ እንዴ?»

«ኧረ ልብስ ሰፊ ናት!» አለች ከኋላ አንዷ፤ ሴቱ ሁሉ ሳቀ፣ ተጨበጨበልኝም። እኔ ግን ውኃ ልጠጣ ብዬ ወጣሁ፣ በዚያው ቤቴ ገባሁ። ጣቴ ያንን ነገር ያወቀው ከሠላሳ ዓመት በፊት ነው። አውቆ ዝም አለ። ይኸው ነው ታሪኩ፤ ለማንም ሙሉውን ነግሬ አላውቅም ነበር።

ያኔ ሃያ ዓመቴ ነው። ማትሪክ ወድቄ ከገሱባ በዝንጅብል ጆንያ ላይ ተቀምጬ ሶዶ የገባሁት በክረምት ነበር። የገሱባን መንገድ በክረምት የሚያውቅ ያውቀዋል፤ መኪናው አንድ ሰዓት ከሄደ ሁለት ሰዓት ይገፋል። ጭቃዬን እንኳ ሳልታጠብ እትዬ ዘነበች ሱቅ በር ላይ ቆምኩ። እትዬ ዘነበች አባታቸው ከሰሜን ለሥራ የመጡ፣ እሳቸው ግን ሶዶ ተወልደው ሶዶ ያረጁ ባለ ስፌት ናቸው። ወላይትኛቸው ከእኔ አማርኛ እጅግ ይሻል ነበር። የኔ አማርኛ ያኔ ወንዱንም ሴቱንም አንድ ላይ የሚጨፈልቅ ነበርና «አንቺ ልጅ፣ ደንበኛዬን ሁሉ ፆታ ቀየርሽው» እያሉ ይስቁብኝ ነበር።

በረንዳው ላይ ወንዶቹ ሰፊዎች በመደዳ ተቀምጠው ሱሪና ዩኒፎርም ይሰፋሉ። ሴት ግን ደረቷን በወንድ አታስለካም። ስለዚህ እትዬ ዘነበች የሱቁን ጓዳ በመጋረጃ ከልለው የሴት ሥራ ጀመሩ፤ የሙሽራ ልብስ፣ የመዘምራን ልብስ፣ ኋላም ጡት መያዣ። በዚያን ጊዜ ከተማው የሚለብሰው ጡት መያዣ ሰልባጅ ነው፤ የሌላ አገር ሴት ገላ ተለክቶ የተሠራ። ለእኛ ሴቶች ወይ ከስር ይሰፋል ወይ ከላይ ይጠባል። እትዬ ዘነበች አንድ ደህና ሰልባጅ አንስተው ጭኔ ላይ ጣሉና «ፍቺው። ክር በክር ፍቺውና እንዴት እንደቆመ ንገሪኝ» አሉኝ።

ፈታሁት። አይ ጉድ! ሃያ ምናምን ቁራጭ ጨርቅ ወጣው። ከሲሚንቶ ከረጢት ውስጥ ንጹሑን ወረቀት ለይቼ፣ በካውያ ተኩሼ፣ እያንዳንዷን ቁራጭ አስቀምጬ በእርሳስ ዞርኳት። ንድፍ ማውጣት የተማርኩት እንዲህ ነው። ጡቱ የሚገባበትን ጎድጓዳ ክፍል እኛ ኩባያ እንለው ነበር። ኩባያ ከሦስት ቁራጭ ነው የሚገጣጠመው፤ ስፌቱ ጫፉ ላይ ካልተገናኘ እንደ ቀንድ ይሾላል። ክብደቱን የሚሸከመው ትከሻ ላይ ያለው ማንጠልጠያ እንዳይመስላችሁ፤ ከስር የሚዞረው መቀነት ነው። ይህን ለማወቅ ስንቱን ጨርቅ አበላሸሁ። አንዴማ አርባ ምንጭ ሐይቅ ልትዋኝ ለምትሄድ ተማሪ የዋና ልብስ ሰፍቼ፣ ውኃ ሲነካው ላስቲኩ ተለጥጦ ጉልበቷ ደረሰ አሉ። እትዬ ዘነበች ሳምንት ሙሉ «ጆንያ ሰፊዋ» ሲሉኝ ከረሙ።

ሁለት ሕግ ነበራቸው። አንደኛው፣ «ሁለቱ ጡቷ እኩል የሆነ ሴት አልተፈጠረችም። በትልቁ ለክተሽ ትንሹን በስፖንጅ ሙዪው።» ሁለተኛው፣ «ከመጋረጃው ውስጥ ያየሽውን እዚያው ተዪው። ለእናትሽም ቢሆን።» ሁለተኛው ሕግ ነው ሱቁን ያቆመው። ሴቶቹ የሚመጡት አፋችን ስለሚታመን ነበር።

ቲቸር አስቴር የመጣችው በኅዳር ነው። የአንደኛ ደረጃ አስተማሪ ናት፣ የመዘምራን መሪም ነበረች፤ እድሜዋ ወደ አርባ ይጠጋል። ረጅም፣ ደረተ ሙሉ፣ ስትሄድ የምታምር ሴት። አንቱ ስላት «ምነው፣ አስረጀሽኝ እኮ! አንቺ በይኝ» አለች። የሰልባጁ ማንጠልጠያ ትከሻዋ ላይ ቦይ ቆፍሮባት፣ ጥቁር ሰሌዳ ላይ እጇን ስታነሳ ያማት ነበር። ለካሁ፣ ንድፍ አወጣሁ፣ ሦስት ጊዜ አስለካሁ። በአራተኛው ለብሳው መስታወቱ ፊት ቆመችና ሁለት እጇን ወደ ላይ ሰቀለች፣ አወረደች፣ ደግማ ሰቀለች። ከዚያ በወላይትኛ መዝሙር ጀመረች። እትዬ ዘነበች ከወዲያ «ኧረ ልጄ፣ ጾም ነው!» ብለው ጮኹ፤ ሦስታችንም ሳቅን። እውነቴን ነው፣ ሰው ሆንኩ ብዬ ያሰብኩት የዚያን ቀን ነው። በሳምንቱ መዘምራኑ ተራ በተራ መጡልኝ።

ንድፉን ስሟን ጽፌ አስቀመጥኩት። የደንበኛን ንድፍ አንጥልም፤ ስትመለስ ከዚያው እንነሳለን።

የተመለሰችው በሚያዝያ ነው። በልጉ ዘንቦ ዳሞታ ተራራ አረንጓዴ ለብሶ ነበር። «ታዱዬ፣ ሳጥበው ተሰበሰበ መሰለኝ፣ ግራው ጠበበኝ» አለች። መጋረጃውን ዘግተን ልብሷን አወለቀች። ጨርቁ አልተሰበሰበም። የግራው ጡቷ ከላይ ሞልቷል፣ ጫፉ ወደ ውስጥ ገብቷል፣ ከብብቷ በኩል ያለው ቆዳ እንደ ብርቱካን ልጣጭ ሆኗል። ሜትሩን ላስይዝ እጄን ሳሳርፍ ጣቴ አንድ ጠንካራ ነገር አገኘ። የአቡካዶ ፍሬ ያህላል። እጄ ቆመ። ቀና ስል በመስታወቱ ውስጥ ዓይን ለዓይን ተገጣጠምን።

«ያምሻል ቲቸር?»

«አያምም። የሚያም ቢሆን ኖሮ…» አለችና ተወችው። «ምሕረትን ሳጠባ ያበጠው ነው።» ምሕረት አንድ ልጇ ናት፤ ያኔ አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው፣ ጡት ከተወች ዘመን ሆኗታል። ቲቸር አስቴር ቀጠለች፤ «ለፋሲካ ጉባኤ ተበላ ከተማ ሄደን እንዘምራለን። የመዘምራን ልብሱ ደግሞ ደረቱ ላይ ጥብቅ ነው። ሰው እንዳያይብኝ አድርጊልኝ።»

«አይታይም ቲቸር» አልኳት። «ማንም አያውቅም።»

ልጅ ነበርኩ፣ አላወቅሁም ብል ደስ ይለኝ ነበር። አውቅ ነበር። ገሱባ የአጎቴ ሚስት በዚህ ስትሞት አይቻለሁ፤ ስሙን ባላውቀውም ነገሩን አውቀዋለሁ። የባሰው ምን መሰላችሁ? ሥራው ደስ አለኝ። ግራውን ብቻ በአራት ቁራጭ ሠራሁት፣ ስፌቱን ከጫፉ አርቄ አሳለፍኩት፣ የጎደለበትን ሞላሁ፣ የሞላበትን አሰፋሁ። በትልቁ ለክቶ ትንሹን የመሙላት ሕግ ለዚህ አልበቃም፤ የራሴን ዘዴ ፈጠርኩ። ተበላ ላይ በነጭ ልብስ ቆማ ስትመራ አየኋት። ቀኙና ግራው ልክክ ያለ ነበር። በሕዝቡ መካከል ቆሜ ኮራሁ። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ ኮራሁ።

በነሐሴ ለሦስተኛ ጊዜ መጣች። ከስታለች። ሽቶ አብዝታ ተቀብታለች፤ ከሽቶው ስር ሌላ ሽታ ነበር። ልብሷን ስታወልቅ የግራው ኩባያ ውስጥ የወተፈችው ጥጥ ረጥቧል። ምን እንደነበር አልዘረዝረውም።

«ቲቸር» አልኳት፣ «ዱቦ ሆስፒታል ብትሄጂስ? ሐኪሞቹ…»

«ቆርጠው ነው የሚጥሉት» አለች። «ከዚያ ምን እሆናለሁ? ግማሽ ሰው ሆኜ ነው ልጆች ፊት የምቆመው? እየተጸለየልኝ ነው።» ጣቷን አፌ ላይ አደረገችው። «እኔ የምፈልገው እጅሽን ነው፣ አፍሽን አይደለም።»

በዝግ አፍ ዝንብ አይገባም ይባላል። ዘጋሁት። ሦስት ቀን ቁጭ ብዬ ሠራሁላት። ከኩባያው ስር የሚገባው ሽቦ እንዳይወጋት አውጥቼ በምትኩ የካርቶን ማሰሪያ ፕላስቲክ ቆርጬ፣ ጫፉን በሻማ አለስልሼ አስገባሁ። ገበሩን ከአሮጌ ነጠላ አደረግሁት። ለጥጡ ኪስ ሰፋሁለት። እንደዚያ ያለ ሥራ በሕይወቴ ሠርቼ አላውቅም፤ ዛሬም ብትሉኝ አልሠራውም።

በዚያው ሳምንት የሱቁ ጣሪያ አፈሰሰ። እትዬ ዘነበች የረጠቡትን ንድፎች ከሳጥኑ እያወጡ ጠረጴዛ ላይ ሲዘረጉ እኔ ስፌት መኪናው ላይ ነበርኩ። ፀጥ ሲሉብኝ ዞር አልኩ። ሦስት የግራ ኩባያ ወረቀት ደራርበው በመስኮቱ ብርሃን ላይ ይዘውታል። አንዱ መስመር ከሌላው ወጥቶ፣ ሌላው ከዚያ ወጥቶ ይታያል። በሌላ እጃቸው የያዙት የቀኙ ግን ሦስቱም አንድ ልክ ነው።

«ይሄ የሦስት ሴት ነው?» አሉኝ።

«የአንድ ሴት ነው። የቲቸር አስቴር።»

«በስንት ጊዜ?»

«ከኅዳር እስከ አሁን።»

ወንበር ስበው ተቀመጡ። «አንቺ ልጅ፣ ይሄን በእጅሽ እየቆረጥሽ ዝም አልሽ?»

«እርስዎ አይደሉም እንዴ፣ ያየሽውን እዚያው ተዪው ያሉኝ?»

ከወንበሩ ብድግ አሉ። ከዚያ ጮኹብኝ፤ እሳቸው ሲጮኹ ሰምቼ አላውቅም ነበር። «እኔ እኮ ያልኩሽ ስለ ጠባሳ ነው! ስለ ወደቀ ጡት ነው! በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም፤ አንቺ ደግሞ አብረሽ ደበቅሽላት!» ወረቀቶቹን ጠቅልለው፣ ጥላቸውን አንስተው፣ በሥራ ቀን ሱቁን ቆለፉት። በዝናብ ተከትያቸው ሄድኩ።

ቲቸር አስቴር ደጃፏ ታዛ ስር ከምሕረት ጋር ቦዬ የሚባለውን ሥራ ሥር ትልጣለች። ትምህርት ቤት ዝግ ነው። እትዬ ዘነበች ልጅቱን «የኔ ልጅ፣ ሂጂ የምጠጣው ውኃ አምጪልኝ» ብለው አስነሷት። ምሕረት ወደ ኋላ እያየች፣ ቀስ ብላ ገባች። እትዬ ዘነበች ሦስቱን ወረቀቶች በቲቸር አስቴር እግር ስር፣ ከልጣጩ አጠገብ ዘረጓቸው።

አየቻቸው። ራሷን አንድ ጊዜም እንዲህ አይታ አታውቅም። ከዚያ ቀና ብላ የተመለከተችው እኔን ነው።

«ምስጢሬን በወረቀት አደረግሽው?» አለችኝ።

እትዬ ዘነበች አቅፈዋት አለቀሱ፤ እሷም አለቀሰች። በሦስተኛው ቀን ከባሏ ጋር ዱቦ ሄደች፣ ከዚያ አዲስ አበባ ላኳት። ጡቷን ቆረጡት። ነገሩ ግን አልፎ ሄዷል፤ ሳንባዋ ደርሷል።

ባሏ ትሑት ሰው ነበር፣ የግብርና ቢሮ ሠራተኛ። ሲመለሱ ወደ ሱቁ ጎራ ብሎ፣ ነገሩን ሳያውቅ፣ ለእኔና ለእትዬ ዘነበች አወጋን። «ሐኪሙ በሚያዝያ ግድም ብትመጡ ኖሮ ተስፋ ነበራት አለኝ» አለ። «በሚያዝያ እኮ ደህና ነበረች። ተበላ ላይ ስትዘምር አላያችኋትም? ምንም የላትም ነበር።»

እትዬ ዘነበች አላዩኝም። ሆን ብለው ነው ያላዩኝ። ቢያዩኝ ይሻል ነበር።

በጥር ሞተች። ከመሞቷ በፊት ያስጠራችኝ አንድ ጊዜ ነው። አልጋዋ ላይ ሆና፣ የፈራሁትን ወቀሳ ሳይሆን ትእዛዝ ሰጠችኝ። በመዘምራን ልብሷ ልትቀበር ነው፤ ደረቷ ግን አንድ ጎኑ ባዶ ሆኖ እንዳይታይ። «የመጨረሻ ነው፣ ታዱዬ። ልክሽን ውሰጂ።» ለካሁ። በጠፍጣፋው ጎን ላይ ሜትሩ ሲያልፍ ጠባሳዋን ነካሁት፤ ከቆዳዋ ስር አጥንቷ ነበር። አራተኛውን ንድፍ አወጣሁ። ግራውን በሙሉ በስፖንጅ ሠራሁት። ገላዋን ያጠቡት ሴቶች ያለበሷት እሱን ነው፤ የጀርባውን ማያያዣ የቆለፍኩት እኔ ነኝ።

በለቅሶው ላይ ባሏ በሰው ፊት ተነስቶ እጄን ያዘ። «ይቺ ልጅ ሚስቴን እስከ መጨረሻው አክብራታለች። በእሷ ምክንያት ማንም ሳያውቅባት ኖረች። እግዚአብሔር ይስጥሽ» አለኝ። ሰው ሁሉ አሜን አለ። መሬት ላይ ወድቄ ጮኽኩ። ሴቶቹ «አይ፣ እንዴት ትወዳት ነበር!» እያሉ ውኃ ረጩብኝ። እወዳት ነበር፤ እሱስ እውነት ነው።

እትዬ ዘነበች ከዚያ በኋላ አልወቀሱኝም። ሁለተኛውን ሕጋቸውን ግን ደግመው አልተናገሩትም። እኔም ሱቁን ከተረከብኩ ወዲህ ከመጋረጃው ውስጥ ያየሁትን ለሴትዮዋ ለራሷ እዚያው እነግራታለሁ። የተቆጡኝ አሉ፣ «አሟረትሽብኝ» ብለው ጨርቃቸውን ይዘው የወጡ አሉ። ይቆጡ። አንዷ ተቆጥታ ወጥታ በዓመቷ ዳቦ ይዛ ተመልሳለች።

ከሁሉ በፊት ልነግራት የሚገባኝ አንዲት ሰው ነበረች። ምሕረት። አሁን እሷም የልጆች እናት ናት፣ እንደ እናቷ አስተማሪ። እሁድ እሁድ ቤተ ክርስቲያን ስንገናኝ ትስመኛለች። ፊቷ ቁርጥ እናቷን ነው። ስትስመኝ ለእናቷ ያደረግሁት ነገር ጉሮሮዬ ላይ ይመጣል፣ መልሼ እውጠዋለሁ።

ከአዳራሹ ሸሽቼ በወጣሁ ማግስት እግሬን እየጎተትኩ ቤቷ ሄድኩ። ቦዬ በዳጣ አቀረበችልኝ፤ ከአንድ ጉርሻ በላይ አልበላሁም። ሁሉንም ነገርኳት። ሚያዝያን፣ ጉባኤውን፣ መስታወቱን፣ «ማንም አያውቅም» ያልኩትን። ጨረስኩና እርግማኗን ጠበቅሁ።

እጇን ጭኗ ላይ አደረገች።

«እኔም አይቼው ነበር፣ እቴ ታዱ» አለችኝ በመጨረሻ። «ስትታጠብ ጀርባዋን የማሽላት እኔ ነበርኩ። ገና የዘመን መለወጫችን ጊፋታ ሳይደርስ፣ አንቺ ጋ ከመምጣቷ በፊት፣ ትንሽ ሳለ ነው ያየሁት። ለአባትሽ እንዳትነግሪ አለችኝ። አልነገርኩም። ያን ቀን ውኃ አምጪ ብላችሁ ስታስወጡኝ በሩ ስር ቆሜ ሰማኋችሁ። እናንተ ገና በዚያ ቀን ያወቃችሁ መሰለኝ። ከሰው ሁሉ እኔ ብቻ አውቄ፣ እኔ ብቻ ዝም ብዬ የገደልኳት ነው የሚመስለኝ። እስከ ዛሬ።»

አሥራ ሁለት ዓመቷ ነበር። ወደ ኋላ እያየች ቀስ ብላ ወደ ጓዳ ስትገባ ትዝ ይለኛል፤ ልጅ ናት፣ አልገባትም ብዬ ነበር። እኔ የማስበው ዝምታዬ እናትየዋን እንደበላ ነበር። ልጅቱን በየእሁዱ ጉንጯን እየሳምኩ ስበላት መኖሬን አላወቅሁም።

«አንድ ቃል እኮ ነበር» አለችኝ እንባዋን እየጠረገች። «እኔም አውቅ ነበር ብትይኝ ይበቃኝ ነበር። ይሄን ሁሉ ዘመን ምን አስጠበቀሽ?»